የሚያስፈራሽን ንገሪኝ

«እትዬ፣ ሳትደብቂ ንገሪኝ። እዚህ ቤት ውስጥ የሚያስፈራሽ ነገር ምንድን ነው?»

እፎይ አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ እኔ ለማንሣት አፍሬ የቆየሁትን ነገር ራሱ አነሣልኝ። የያዝኩትን ካውያ አቁሜ ጣቴን ወደ ኮርኒሱ ቀሰርኩ።

«ያ እድፍ ነዋ! እንዴት እንደሰፋ አታየውም? መጀመሪያ ሳየው የስኒ ማስቀመጫ አያክልም ነበር፤ አሁን ትሪ አክሏል። አንድ ቀን እላዬ ላይ ይወርዳል እያልኩ ሰላም አጣሁ።»

ዐይኑ በራ። ከኪሱ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣ።

«ቀለሙን ምን ትይዋለሽ? ደም ደም ይላል?»

«ሻይ ሻይ ነው የሚለው።»

«ትክ ብለሽ ስታይውስ? የሰው ፊት ይመስልሻል? የሚያይሽ ዓይነት?»

«የፈነዳ ቧንቧ ነው የሚመስለኝ» አልኩት። «ያንተ ሻወር ቤት ቧንቧ።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ደብተሩን ሲከድነው ፊቱም አብሮ ተከደነ።

«እኔ እኮ ስለ ቧንቧ አይደለም የመጣሁት። ለታሪክ ነው። የሚያስፈራ ነገር አጥቼ ነው።»

«የሚያስፈራኝን ነገርኩህ እኮ። መቼ ይሠራል?»

«እሱን ለባለቤቴ ንገሪያት» ብሎኝ ወጣ።

ይህ ሰውዬ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ደራሲ ነው። የሚጽፈው አስፈሪ ታሪክ ብቻ ነው፤ ሙት ከመቃብር ሲነሣ፣ መስታወት ውስጥ ሌላ ሰው ሲታይ፣ በር ማንም ሳይነካው ሲከፈት። እኛ የሕንጻው ሰዎች «ጨለማው» ነው የምንለው። ፊት ለፊት አንለውም እንጂ፣ በረሮ ባየ ቁጥር ሚስቱን እንደሚጠራ ከምድር ቤት እስከ ሰገነት የማያውቅ የለም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወደ መንገዱ የሚያየው የፊት ክፍሌ ሱቄም ነው። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር፣ መቁረጫ ጠረጴዛዬ መሐል ላይ፣ አንገቴ ላይ ደግሞ የጨርቅ ሜትሬ። የሜትሩ አንዱ ጫፍ ላይ ትንሿን መቀሴን በክር አስሬያታለሁ። ይህ የራሴ ፈጠራ ነው። መቀሱ ሲገኝ ሜትሩ፣ ሜትሩ ሲገኝ መቀሱ እየጠፋብኝ ስንጨረጨር ኖሬ፣ አንድ ቀን አገናኘኋቸውና ተገላገልኩ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመታቸው። በዚህ ሕንጻ እንደነሱ ሳይጨቃጨቅ የኖረ ትዳር አላውቅም።

በማግሥቱ ማክሰኞ ጠዋት ሚስቱ ወደ ሥራ ስትወርድ በር ላይ አገኘኋት። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ነጭ ገዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋለች። ቧንቧውን ላነሣባት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊለት። ሰሞኑን ሰው አይደለም።»

«ምን ነካው?»

«አንድ አሳታሚ የአሥራ ሁለት ደራሲዎችን አስፈሪ ታሪኮች በአንድ መጽሐፍ ሊያወጣ ነው። አንዱ ቦታ የእሱ ነው። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ማስገባት አለበት፤ እስካሁን አንድ መስመር የለውም። ያለፉት ሁለት ታሪኮቹ ‹አላስፈሩንም› ተብለው ተመልሰውበታል።»

«ይሄም ከተመለሰስ?»

«ራሱ ነው ቃል የገባልኝ። ይሄም ከተመለሰ መጻፉን ትቶ ወንድሜ ሱቅ ይገባል። ወንድሜ ሴራሚክ ይሸጣል አይደል? የሰው ቤት እየሄደ ወለል የሚለካለት ሰው ይፈልጋል።» ገዋኗን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረችው። «ትናንት ቁርስ ላይ ‹አንቺን ምን ያስፈራሻል?› አለኝ። ‹አንተ› አልኩት። እሱንም ጻፈው።»

ከዚያ ወዲያ ቧንቧውን እንዴት ላንሣ?

ማዘኑንስ አዘንኩለት፤ ግን ሰውዬው ሥራ አላሠራኝም። የደንበኞች በርጩማ ላይ ተቀምጦ የገባውን ሁሉ ይጠይቃል። የባንኩ ዘበኛ የደንብ ልብሱን ሱሪ ሊያሰፋ ሲመጣ በእሱ ጀመረ።

«አንድ ትልቅ ባዶ ሕንጻ ውስጥ ብቻህን ስትሆን የምትፈራው ምንድን ነው?»

«አለቃዬን» አለ ዘበኛው።

«አለቃህ ቤቱ ነው እኮ በዚያ ሰዓት።»

«እሱን በምን አውቃለሁ? የምፈራውም ለዚያ ነው።»

የሁለተኛ ደረጃዋ መምህርት ቀሚሷን ልትለካ ስትገባ እሷንም ጠየቃት። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ዘጠና የፈተና ወረቀት፣ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት» አለችው። እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካና አንገቱን ደፋ።

«ሰው ምን ሆነ፣ እትዬ? ድሮ ሰው መንፈስ ይፈራ ነበር። አሁን አለቃ፣ የፈተና ወረቀት፣ ቧንቧ!»

«ቧንቧው እውነት ያስፈራል።»

ፈልጎ ያልሄደበት የለም። የሕንጻችን ምድር ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ግማሽ ቀን ብቻውን ተቀምጦ ጉንፋን ይዞት ወጣ። መቃብር ቦታ ሄዶ ሐውልቶቹ መሐል ሲንጎራደድ፣ አትክልተኛው ሥራ ፈት መስሎት የውኃ ጎማ አስያዘው፤ አበባ ሲያጠጣ ውሎ መጣ። የጎረቤቶቻችንን ሕልም አንድ በአንድ ሰበሰበ፤ አብዛኛው ሰው የሚያልመው አውቶቡስ ሲያመልጠው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ጢሙ አድጎ፣ ሸሚዙ ተዛብቶ ተቆልፎ ነበር።

«ተይው» አለኝ፣ ምንም ሳልጠይቀው። «አልቆልኛል። እኔ የሚያስፈራ ነገር ማየት የማልችል ሰው ነኝ። ሰኞ ሴራሚክ ልሸጥ ነው።»

«መሸጥ አይደለም፣ መለካት ነው አሉ።»

«የባሰ!»

እኔ ደግሞ የዘበኛው ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ጠመኔ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ሰውዬው በተነፈሰ ቁጥር ሐሳቤ ይበተናል። ቆሽቴ አረረ። ሥራ ከያዘ ዝም ይላል ብዬ የልክ ደብተሬን አነሣሁና ጭኑ ላይ አኖርኩለት።

የልክ ደብተሬ ወፍራም ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ አለው። ሰው ስለ ሆዱ እውነቱን ስለማይናገር፣ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ለክቼ ከነዓመቱ ከሥር ከሥሩ እጽፋለሁ።

«የዘበኛውን ገጽ አውጣና የሱሪውን ቁመት ጥራልኝ» አልኩት።

ገለጠ። «መቶ አራት።»

ጠመኔዬን አስጠጋሁ።

«መቶ ሦስት» አለ ቀጥሎ። «መቶ ሁለት ተኩል። መቶ ሁለት። መቶ አንድ። የትኛውን ነው የምትፈልጊው?»

«የመጨረሻውን ነዋ። መቶ አንድ።» ምልክት አደረግኩና መቁረጥ ጀመርኩ።

ዝም አለ። ተመስገን፣ ሠራልኝ አልኩ በልቤ። ገጽ ሲገልጥ ይሰማኛል፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጠን፣ ከዚያ ጎርፍ እንደሚያሳድደው ሰው።

«እትዬ።»

«እ?»

«ዘበኛው ስንት ዓመቱ ነው?»

«አርባም አይሞላው።»

«መምህርቷስ?»

«እሷማ ልጅ ናት።»

«እሷም አጥራለች።» ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር። «ሁሉም አጥረዋል። ፎቶ አንሺው ሦስት ሳንቲ ሜትር። ሚስቱ ሦስት። ይሄ የመኪና መካኒኩ ሁለት ተኩል። ትከሻቸው ጠብቧል፣ እጅጌያቸው አጥሯል። አንድ እንኳ፣ አንድ እንኳ ባለበት የቆየ ሰው የለም!»

«ወገባቸው ግን ሰፍቷል» አልኩት፣ መቀሴን ሳላቆም።

«እሱ ምግብ ነው! አጥንት ግን እንዴት ያጥራል?» ብድግ አለ። «እኔን ለኪኝ።»

«ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«ለኪኝ አልኩሽ!»

ለካሁት። የሱሪ ቁመት፣ መቶ ሦስት ተኩል። የራሱን ገጽ ፈልጎ አወጣ። ከአምስት ዓመት በፊት ለሠርጉ ሱፍ ስለካው፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ መቶ አምስት።

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ሊያስፈራ ሲደክም የኖረ ሰው፣ የኔ በርጩማ አጠገብ ቆሞ እንደ ሕፃን ፈራ። ደብተሬን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

ብቻዬን ስቀር፣ መዋሸት አልችልም፣ እኔም ፈራሁ። እኔ ራሴ እኮ ነኝ የለካሁት። እያንዳንዱን ቁጥር በእጄ ጽፌ፣ አንድ ቀን ወደ ላይ መለስ ብዬ አላየሁትም። ዘበኛው ባለፈው ሲገባ በሩ ከፍ ያለ መስሎኝ አልነበር? እህቴስ፣ ባለፈው ስናወራ ቀና ብላ አላየችኝም? ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። ሥራ ያረጋጋኛል ብዬ ጨርቁን ልዘረጋ ስል፣ እንዲያው እጄ ልማድ ሆኖበት ሜትሩን በጠረጴዛው ርዝመት ሳብኩት።

መቶ አሥራ ስድስት ተኩል።

የዚህን ጠረጴዛ ልክ እንደ ስሜ ነው የማውቀው። አናጢው መጀመሪያ አሳጥሮ አምጥቶት፣ ተጣልቼ፣ አስፈርሼ፣ ልክ መቶ ሃያ አስደርጌ ያሠራሁት ነው። ሰው ያጥር ይሆናል፣ እሺ። ጠረጴዛ በምን ጭንቀት ያጥራል?

ሜትሩን አየሁት። መቀሷን አየኋት። ሮጥ ብዬ ጥግ ያለው የክርና የቁልፍ ሱቅ ሄጄ አዲስ ሜትር ገዛሁና ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አዲሱ መቶ ሲል፣ የኔው ዘጠና ሰባት ይላል። መቀሷ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ታች ስትጎትተው ኖራ ሜትሩ ተለጥጦ ረዝሟል። ሜትር ሲረዝም ደግሞ የሚለካው ሁሉ ያጥራል። ልብሱ ለምን ልክ ሆነላቸው ያላችሁ እንደሆነ፣ ሰውየውን በለካሁበት ሜትር ነው ጨርቁንም የምለካው፤ ሁለቱን እኩል ስለዋሸ አልተነቃበትም።

ሣቄም ንዴቴም አብረው መጡ። አዲሱን ሜትር ኪሴ ከትቼ ልነግረው ወጣሁ።

የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ አመለከተችኝ። በተዘጋው በር ጀርባ የኮምፒዩተሩ ቁልፎች እንደ በረዶ ይወርዳሉ።

«እየጻፈ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ከአራት ወር ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እኔንም ግድግዳ ላይ አስደግፎ በጭንቅላቴ ልክ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ጠዋት ጠዋት ሊያየኝ ነው አሉ። ካገባኝ ወዲህ እንዲህ ልብ ብሎ አይቶኝ አያውቅም።»

ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ።

«ምነው፣ የፈለግሽው ነገር ነበር እንዴ፣ እትዬ?»

«ቧንቧው» አልኩ፣ ሌላ ነገር ስላልመጣልኝ።

«አዬ፣ አሁንማ አይነካም። ሻወር ቤቱ ከጠረጴዛው ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ቢያንኳኩ ሐሳቡ ይሸሽበታል።»

ጉድጓዴን የቆፈርኩት ራሴ ነኝ፤ ወረድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ገና በሬን ሳልከፍት ደጄ ላይ ቆሟል። «ለኪኝ» አለ። አዲሱን ሜትር ላነሣ እጄ ሄደና ተመለሰ። በአዲሱ ብለካው በአንድ ሌሊት ሦስት ሳንቲ ሜትር አድጎ ሊያድር ነው። አሮጌውን አነሣሁ።

«መቶ ሦስት ተኩል።»

«አልቀነስኩም?»

«ከትናንት እስከ ዛሬ ምን ያሳንስሃል? ሳሙና ነህ?»

አልሣቀም። ዐይኑ ቀልቷል፤ ግን ያ የሞተው ፊቱ ነፍስ ዘርቷል። ተመልሶ ወጣ፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ኮርኒሴ ላይ ሲንጎራደድ እየሰማሁ፣ እውነቱን እንደ ትኩስ ድንች አፌ ውስጥ ሳገላብጥ ዋልኩ። ዓርብ ቀትር ላይ ታሪኩን አስገባ።

መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። ወደዱት። የመጽሐፉ መክፈቻ ይሁን አሉ። አሳታሚው ጥርሱን እየፋቀ ራሱን መስታወት ውስጥ በጥርጣሬ እንዳየ ሁሉ ነግሮታል። ደራሲያችን ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ጉንጬን ሳመኝ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ማንም አይጎዳም ነበር።

ግን አሳታሚው አንድ ነገር ጠየቀ። በመጽሐፉ መጨረሻ እያንዳንዱ ደራሲ የታሪኩን ሐሳብ ከየት እንዳገኘው ግማሽ ገጽ መጻፍ አለበት። እስከ ሰኞ ጠዋት። ግማሽ ገጹን ያላስገባ ታሪኩም አይገባለትም።

ግማሽ ገጽ! ሠላሳ ገጽ በሁለት ቀን የጻፈ ሰው ግማሽ ገጽ ላይ ሞተ። የመጀመሪያውን ዓርብ ላከ፤ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰለት። «ታሪክህ ውሸት ሆኖ እውነት ይመስላል፤ ይሄ ግን እውነት ነኝ ብሎ ውሸት ይመስላል» ብለውታል። ቅዳሜ ከሰዓት አራት ወረቀት ይዞ በርጩማው ላይ ተጎለተ።

«ስሚኝ» አለ። «‹ይህ ታሪክ የመጣልኝ ከነፍሴ ጥልቅ ጓዳ፣ ጨለማ ከራሱ ጋር ከሚነጋገርበት ሥፍራ ነው።›»

«ሌላ የለህም?»

«‹በልጅነቴ አንዲት ዐይነ ስውር አሮጊት እጇን ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ…›»

«የትኛዋ አሮጊት?»

«የለችም። ‹አንድ ማለዳ መስታወት ፊት ቆሜ…›»

«አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ። «እዚህ ተቀምጠህ ከኔ ደብተር አይደለም እንዴ ያገኘኸው? ደብተሬን እስካሁንም አልመለስክልኝም። ለምን እሱን አትጽፍም?»

ወረቀቶቹን አስተካከለ፤ ዐይኔን አላየኝም።

«እትዬ፣ አትቀየሚኝ። ከልብስ ሰፊ ደብተር አገኘሁት ብዬ ብጽፍ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረኛል?»

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት። ቧንቧውን ችያለሁ፤ በርጩማውን፣ ደንበኞቼን ማስለፍለፉን፣ በየማለዳው ለኪኝ ማለቱን ችያለሁ። ይህቺን ግን አልቻልኳትም። እስከ መቃብሬ ይዤው እሄዳለሁ ያልኩትን አዲሱን ሜትር ከመሳቢያው አወጣሁና ከአሮጌው ጎን፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አፍንጫው ሥር ዘረጋሁለት። መቀሷንም አሳየሁት።

ደጋግሞ አየ። ጎንበስ ብሎ መቶውንና ዘጠና ሰባቱን በጣቱ ነካካ። መቀሷ የታሰረችበትን ቀዳዳ፣ እንዴት እንደተለጠጠ፣ ብዙ ጊዜ አየው።

«ስለዚህ ማንም አላጠረም» አለ በመጨረሻ።

«ማንም።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«የዚያኑ ዕለት።»

«እያወቅሽ ለካሽኝ?»

ቅድም የነበረኝ ወኔ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። የሰውዬው ትከሻ እውነትም ያጠረ መሰለኝ።

«እኔ እኮ አገኘሁ ብዬ ነበር» አለ። «በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በራሴ ዐይን አየሁ ብዬ። ያገኘሁት የተለጠጠ ጨርቅ ነው።»

«ታሪኩ ግን ያው ነው። አስፈርቷቸዋል እኮ። አሁን ያየኸውን እንዳለ ጻፈው፤ ከግማሽ ገጽ አያልፍም።»

«ጽፌው? ‹ከጎረቤቴ ሜትር ነው ያገኘሁት፤ ተለጥጦ ነበር› ብዬ? አሥራ አንዱ ደራሲ ስለ ነፍሱ ሲጽፍ እኔ ስለ መቀስ? መሣቂያ ነው የምሆነው።»

«ካልጻፍክስ?»

«ካልጻፍኩ ታሪኩ ከመጽሐፉ ይወጣል። ሌላ ልዋሽ ብል ደግሞ ይኸው አራት ጊዜ ሞከርኩ፤ መዋሸት እንኳ አልቻልኩም!» አራቱንም ወረቀት ጨምድዶ ጠረጴዛው ላይ ጣላቸው። «ንገሪኝ እስቲ፣ ሰኞ ጠዋት ምን ይዤ ልሂድ?»

ሚስቱ ከሥራ ተመልሳ፣ ገዋኗን እንደለበሰች ደፉ ላይ ቆማ ነበር። ከየት ጀምሮ እንደሰማች አላውቅም። ገባችና ሁለቱን ሜትሮች ትንሽ አየቻቸው፤ አሮጌውን ከነመቀሱ አንሥታ አንገቴ ላይ መለሰችልኝ፤ አዲሱን በጥንቃቄ ጠቅልላ ባሏ መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት።

«ወንድሜ ጋ የምትሄድ ከሆነ» አለችው፣ «ይሄኛውን።»